የፒያኖ ላይብረሪ ስትመርጡ፦ ከጊጋባይቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እውነተኛ ፒያኖ ማውጣት ቀላል አይደለም። የተለመደው የቆመ ፒያኖ 200 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ሊፍት የለም፤ ደረጃው ጠባብ ነው። ቢወጣም እንኳ እንጨቱ በክረምት እርጥበት ስለሚነፋና በበጋ ስለሚደርቅ ቅኝቱ ይዛባል፤ በየጊዜው ባለሙያ ጠርቶ ማስቃኘት ግድ ነው። ስለዚህ ከለቡ እስከ ለገጣፎ ባሉት የቤት ስቱዲዮዎች ፒያኖ ሲባል በአብዛኛው ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ላይብረሪ (በኪቦርድ የሚጫወቱት የፒያኖ ድምፅ ፕሮግራም) ማለት ነው። ቀሪው ጥያቄ የትኛው ይሻላል የሚለው ነው።

ብዙ ሰው የሚመርጠው በመጠን ነው። 100 ጊጋ የሚይዘው ከ1 ጊጋው መቶ እጥፍ የተሻለ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ፒያኖውን የሚያሳምነው ቁልፉ በስሱ ሲነካ የሚወጣው ድምፅ፣ ቁልፉ ሲለቀቅ የሚሰማው ነገር፣ የፔዳሉ ሥራ፣ እንዲሁም ኪቦርዳችሁ ከላይብረሪው ጋር መግባባቱ ነው። እነዚህ ከተሟሉ ትንሽ ላይብረሪ ይበቃል፤ ካልተሟሉ ውዱም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል።

ጊጋባይቱ ከየት እንደሚመጣ ማስላት ይቻላል። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። እያንዳንዱ ቁልፍ በ16 የተለያየ ኃይል ተመትቶ ቢቀዳ 1,408 ቅጂ ይሆናል። አንዱ ቅጂ 20 ሰከንድ ቢረዝም፣ በስቴሪዮ፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርትዝ 5.8 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ድምሩ 8 ጊጋባይት ገደማ ነው። ያው ሁሉ ፔዳል ተረግጦ እንደገና ሲቀዳ 16 ይሆናል፤ በሦስት ቦታ የተተከሉ ማይኮች ለየብቻ ሲቀመጡ 48 ይደርሳል። የትልልቆቹ ክብደት ከግማሽ በላይ የማይክ ምርጫ ነው ማለት ነው። ማይክ መቀያየር የማያስፈልገው ሰው ዳታውን የሚጨርሰው ለማይከፍተው ፎልደር ነው።

መጀመሪያ መፈተኛ

ላይብረሪ በማስታወቂያ ቪዲዮ አይመረጥም። እዚያ የሚጫወተው ሰው ጎበዝ ነው፤ ሚክሱም ተሠርቶ ያለቀ ነው። ሁለት ደቂቃ የሚሆን አንድ የሚዲ ፋይል (ድምፅ ሳይሆን የኖታዎቹንና የፔዳሉን ትእዛዝ የሚይዝ) አዘጋጁና ሁሉንም ላይብረሪ በዚያው ፋይል አጫውቱ። ሲወዳደሩ የድምፃቸው መጠን እኩል ይሁን፤ ጆሮ ጎላ ያለውን «የተሻለ» እያለ ይፈርዳልና። በነጻ በሚገኘው ዩሊን ላውድነስ ሜተር ልዩነቱን ከግማሽ ዴሲቤል በታች ማውረድ ይቻላል። ይህን ሳያደርጉ የሚደረግ ንጽጽር ዋጋ የለውም።

ፋይሉ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው አንድ ቁልፍ ነው፤ መሐል ላይ ያለው ሲ ይበቃል። ከቬሎሲቲ (የምቱ ኃይል ቁጥር) 10 ጀምሮ በአምስት በአምስት እየጨመረ እስከ 125 ይመታ። እውነተኛ ፒያኖ ላይ ምቱ ሲበረታ ድምፁ መጉላት ብቻ ሳይሆን ጠርቶ ይወጣል፤ የመዶሻው ሱፍ በኃይል ሲመታ ይጠነክርና ላይኞቹን ድምፆች ያነቃል። ጉላቱ ብቻ ጨምሮ ቀለሙ ካልተቀየረ ሌየሩ (በተለያየ ኃይል የተቀዳው ደረጃ) ጥቂት ነው። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከዘለለ ደግሞ የሌየሮቹ መገናኛ አልተስተካከለም፤ ያ ዝላይ በምትጫወቱበት ጉልበት አካባቢ፣ ማለትም ከ50 እስከ 80 መካከል ከሆነ ላይብረሪውን ተዉት።

ከዚያ በትዝታ ቅኝት ዝግ ያለ ዜማ፣ ፔዳል ተረግጦ፣ የመጨረሻው ኖታ 15 ሰከንድ ተይዞ ይግባ። የፒያኖ ክር መጀመሪያ ፈጠን ብሎ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ረጅም ጭራ እየጎተተ ይሟሟል። ቦታ ለመቆጠብ የተቆረጠ ላይብረሪ ከ4 ወይም 5 ሰከንድ በኋላ አንዷን ቁራጭ እየደጋገመ ያዞራል፤ ድምፁ እንደ ኦርጋን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፖፕ ሙዚቃ ላይ ከበሮና ቤዝ ይህን ይሸፍኑታል። የኛ ዝግ ያሉ ዜማዎች ግን በኖታና በኖታ መካከል ባዶ ቦታ ስለሚተዉ ጉድለቱ ገሃድ ይወጣል።

ሦስተኛው ችክችካ ነው፤ በ6/8፣ ያለ ፔዳል፣ አጫጭር ኮርድ። እዚህ የሚፈተሸው ቁልፉ ሲለቀቅ የሚሰማው ነው። እውነተኛው ላይ ማፈኛው (ክሩን የሚያስቆመው ክፍል) ክሩ ላይ ሲያርፍ አጭር «ህም» ይላል፤ የክፍሉም ድምፅ ትንሽ ይከተላል። ይህ ለብቻው ያልተቀዳበት ላይብረሪ ድምፁ በመቀስ እንደተቆረጠ ያህል ይጠፋል። በዚያው ክፍል አንዱን ኮርድ ስምንት ጊዜ በእኩል ቬሎሲቲ ደጋግሙት፤ ስምንቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ የማሽን ሽታ አለው። ሌየሩ ብዙ ከሆነ ቬሎሲቲውን በ3 እና በ4 ማለዋወጥ ይፈታዋል።

ቀጥሎ ፔዳሉ፦ ግራ እጅ ላይ ከባድ ኮርድ ምቱ፣ ፔዳሉን ለአፍታ ለቃችሁ ወዲያው መልሳችሁ ርገጡ። እውነተኛ ፒያኖ ላይ ማፈኛው ወፍራሞቹን ክሮች ሙሉ በሙሉ ሳያስቆም ስለሚነሳ ጥቂት ድምፅ ይተርፋል። አብዛኛው የሳምፕል (ከተቀዳ ድምፅ የተሠራ) ላይብረሪ እዚህ ይወድቃል፤ ወይ ሁሉም ይጠፋል፣ ወይ ሁሉም ይቀራል።

በመጨረሻ እንደ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አጨዋወት ፈጠን ያሉ ቀላል ጌጦችን ከቬሎሲቲ 20 እስከ 45 ድረስ አስገቡ። በጠንካራ ምት ሁሉም ላይብረሪ ያምራል። ገበናው የሚወጣው እዚህ ታች ላይ ነው።

በነጻ የሚገኙት

ሳላማንደር ግራንድ ፒያኖ መነሻው መሆን አለበት። ያማሃ ሲ5 ነው፤ 16 ሌየር አለው፤ የቁልፍ መልቀቂያና የፔዳል ድምፅ ተቀድቶለታል፤ ሙሉው ከ2 ጊጋባይት በታች ነው። መጠኑ ያነሰው እያንዳንዱ ቁልፍ ስላልተቀዳ ነው። ከሦስት ቁልፍ አንዱ ተቀድቷል፤ ጎረቤቶቹ ከእሱ በግማሽ ድምፅ ወደ ላይና ወደ ታች ይሳባሉ። ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ መሳብ ማለት ፍጥነቱን በ6 በመቶ ያህል መጨመር ነው፤ ጭራው በዚያው ልክ ያጥራል። ብቻውን ሲሰማ ይህ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ለስላሳዎቹ ሌየሮች ላይ ያለው ሹክሹክታና የላይኛው ክፍል መጮህ ነው። ከ3 እስከ 5 ኪሎኸርትዝ አካባቢ 2 ዴሲቤል መቀነስ ያረጋጋዋል።

የሚከፈተው ስፎርዛንዶ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰው «ከፈትኩት፣ ድምፅ የለውም» የሚለው በአንድ ምክንያት ነው፦ ሳምፕሎቹን የሚጠራው የኤስኤፍዜድ ፋይል ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዶ የሳምፕሎቹ ፎልደር ኋላ ቀርቷል። ሁለቱ ተነጣጥለው አይሠሩም።

ፒያኖ ኢን 162 ሌላው ነጻ ነው፤ 5 ጊጋባይት ገደማ የሆነ ስታይንዌይ ቢ። የቅርብና የራቅ ያለ ማይክ አለው። ሌየሩ ከሳላማንደር ያነሰ ቢሆንም የክፍሉ አየር አብሮ ስለተቀዳ ለብቻ ለሚጫወት ፒያኖ ደስ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ኮንታክት በተባለው የሳምፕል ማጫወቻ ፕሮግራም የሚከፈቱ ብዙ ነጻ ላይብረሪዎች የሚሠሩት በሚገዛው ሙሉ ኮንታክት ላይ ነው። በነጻው ኮንታክት ፕሌየር ከተከፈቱ በ15 ደቂቃ ይዘጋሉ። 5 ጊጋ ከማውረዳችሁ በፊት በምን እንደሚከፈት አንብቡ።

የስፒትፋየር ላብስ ሶፍት ፒያኖ መዶሻውና ክሩ መካከል ጨርቅ የገባበት ነው። ለመነባንብ ማጀቢያ፣ ለአጭር ፊልም፣ ለጸሎት ሰዓት ያምራል። ከበሮ ሲገባ ግን ይሰጥማል፤ ጠርዝ የለውምና ኢኪው (የድምፁን ቀለም ማስተካከያ) አያድነውም። ኤፍኤል ስቱዲዮ በተባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ኤፍኤል ኪስ ዜማ ለመያዝ ይሁን፤ ለቀረጻ አይሁን።

ፒያኖቴክ

የሞዳርት ፒያኖቴክ ሳምፕል አይደለም። ከ2006 ጀምሮ ያለ፣ የመዶሻውን፣ የክሩንና የእንጨቱን ባሕርይ በስሌት የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፤ 50 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይይዛል። ሌየር ስለሌለው የሌየር ዝላይ የለውም። ግማሽ ፔዳል (በከፊል መርገጥ)፣ ክሮች እርስ በርስ ሲያስተጋቡ የሚሰማው ድምፅ፣ ፔዳል ለቅቆ መልሶ መርገጥ ሁሉም ይሠራሉ። ከላይ ያለውን የፔዳል ፈተና እንደ እውነተኛ ፒያኖ የሚያልፈው እሱ ነው።

የሚወቀሰው በምቱ መነሻ ላይ ነው። መካከለኛው ክፍል ላይ፣ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ፣ አንዳንድ ጆሮ ብረት ብረት ይለዋል። ወቀሳው እውነትነት አለው፤ ግን ብዙውን ጊዜ የሚባባሰው ሰዎች መጀመሪያ የሚከፈተውን ቅንብር በሄድፎን ስለሚሰሙት ነው። የመዶሻውን ጥንካሬ ትንሽ አለስልሱ፤ ውስጡ ያለውን ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) አጥፍታችሁ የራሳችሁን አስገቡ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በከተማው ዳር ላለ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። ለማውረድ ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ሃርድ ዲስክ አያስጨንቅም፤ አንድ ፈቃድ በሦስት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ጫናው ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋና ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ዊንዶውስ ፕሮሰሰሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ድምፁም ወዲያው መንጫጫት ይጀምራል። የኃይል ቅንብሩን በባትሪም ጭምር ወደ ከፍተኛ አፈጻጸም አድርጉት። ካልበቃ በአንድ ጊዜ የሚሰሙትን ድምፆች ብዛት ወደ 64 አውርዱ። የሙከራ ቅጂው በየ20 ደቂቃው ይቆማል፤ ጥቂት ቁልፎችም ድምፅ የላቸውም፤ ለመወሰን ግን ይበቃል።

ትልልቆቹ

ጋሪታን ሲኤፍኤክስ በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ የተቀዳ ያማሃ ሲኤፍኤክስ ሲሆን ሙሉው ከ120 ጊጋባይት ይበልጣል። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ሳይቋረጥ 27 ሰዓት ገደማ ነው፤ መስመሩ ሳይቋረጥ የሚያድርበትን ሰፈር የምታውቁ እናንተ ናችሁ። ታናሹ ቅጂ ማይኩን ቀንሶ የፒያኖውን ቀለም ያስቀራል፤ ለአብዛኛው ሥራ እሱ ይበቃል። ድምፁ ብሩህና ሰፊ ስለሆነ ለኦርኬስትራ ቅንብርና ለብቻ ቀረጻ ያምራል፤ ዘፋኝ ሲገባበት ቦታ ይሻማል።

የሲንቶጂ አይቮሪ 2 በ77 ጊጋባይት ሦስት ፒያኖ ይሰጣል፦ ቦዘንዶርፈር 290፣ ስታይንዌይ ዲ እና ያማሃ ሲ7። ግማሽ ፔዳልም የክር ማስተጋባትም አለው። ከሳምፕል ላይብረሪዎች መካከል ለእጅ ቶሎ የሚመልስ እሱ ነው ብንል አናጋንንም። ፈቃዱ አይሎክ በተባለው የፈቃድ መቆጣጠሪያ ስለሆነ በደመና ሳይሆን በኮምፒውተሩ ላይ አስመዝግቡት፤ በደመና ከሆነ ኔትወርክ ሲሄድ ፒያኖውም አብሮ ይሄዳል።

የኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ ኑዋርም ያማሃ ሲኤፍኤክስ ነው፤ በርሊን ውስጥ፣ በኒልስ ፍራም ስቱዲዮ የተቀዳ። አንዱ ቅጂ ንጹሑ፣ ሌላው ጨርቅ የገባበት ነው። ጨርቅ ያለው በጣም ያምራል፤ ችግሩ ሁሉም ሰው ያንኑ መጠቀሙ ነው። እዚያው ቤት ያለው ዘ ጀንትልማን የ1908 የቆመ ፒያኖ ሲሆን ከተረሱት አንዱ ነው። ለአሮጌ የባቲና የአምባሰል ዜማ ከግዙፎቹ ግራንዶች ይልቅ እሱ ይቀርባል፤ ጠባብ ነው፣ ትንሽ ሸካራ ነው፣ ከማሲንቆና ከክራር ጋር አይጋፋም። ሁለቱም በነጻው ኮንታክት ፕሌየር ይከፈታሉ።

ለብቻው ለሚቀዳ ፒያኖ፣ እንደ ግርማ ይፍራሸዋ ዓይነት የተጻፈ ሥራ ለሚሠራ፣ አይቮሪ ወይም ፒያኖቴክ። ለመዝሙርና ለባንድ ሳላማንደር ይበቃል፤ ገንዘብ ካለ ፒያኖቴክ። ለፊልም ማጀቢያ ኑዋር ወይም ላብስ። በፍላሽ ከእጅ እጅ የሚዞሩትን የተሰበሩ ቅጂዎች አትንኩ፤ ግማሽ ሳምፕላቸው ጎድሎ፣ ወይም ቫይረስ ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው፤ ነጻው ሳላማንደር ከጎደለ ውድ ላይብረሪ ይበልጣል።

ኪቦርድና ፔዳል

ሰው ላይብረሪ የሚቀያይርበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ላይብረሪው አይደለም። በተለመደው ጉልበታችሁ አንድ ገጽ ዜማ ተጫወቱና የሚዲውን ቬሎሲቲ ተመልከቱ። መካከለኛው ምት ከ60 እስከ 75፣ ስሱ ከ25 እስከ 40፣ ጠንካራው ከ110 በላይ መሆን አለበት። ስፕሪንግ ያለው ቀላል 61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ሁሉም ከ90 በላይ ይሰበሰባል፤ ፒያኖው ሁልጊዜ እየጮኸ ይመስላል። ቬሎሲቲ ከርቩን (ምቱ ወደ ቁጥር የሚቀየርበትን መስመር) መሐሉን ወደ ታች ጎትቱት። ቁልፋቸው ከባድ የሆኑት ደግሞ ተቃራኒው ይደርስባቸዋል፤ ብትደበድቧቸውም ከ100 አያልፉም፤ የላይኞቹ ሌየሮች ተገዝተው ሳይሰሙ ይቀራሉ። ከርቩን ወደ ላይ አንሡት። ይህ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ከአዲስ ላይብረሪ በላይ ድምፅ ይቀይራል።

ፔዳል ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ያማሃ ኤፍሲ5 ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ 0 ወይም 127 ብቻ ይልካል። ኤፍሲ3ኤ መሐሉንም ይልካል፤ ግማሽ ፔዳል የሚሠራው በእንዲህ ያለው ብቻ ነው፤ ኪቦርዱም መቀበል አለበት። ፔዳሉ ተገልብጦ ከሠራ፣ ማለትም ሳትረግጡ ድምፁ ከተንጠለጠለ፣ ኪቦርዱን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ሳትነኩ መልሳችሁ አብሩት፤ ብዙ ኪቦርዶች አቅጣጫውን የሚያነቡት ሲበሩ ነው።

ሚዲውን በማውስ የምትጽፉ ከሆነ ፔዳሉን ከኮርዱ ጋር እኩል አታስረግጡ። አዲሱ ኮርድ ሲመታ ፔዳሉ ይነሣ፣ ከ50 እስከ 150 ሚሊሰከንድ ቆይቶ ይረገጥ። የኮርዱን ኖታዎች ከ5 እስከ 15 ሚሊሰከንድ አዘባርቁ፤ ዜማውን የያዘውን የላይኛውን ኖታ ከመሐሎቹ በ10 ያህል አጉሉት። ኳንታይዝ (ኖታዎችን ልክ ምቱ ላይ ማሰለፍ) መቶ በመቶ ካደረጋችሁ የትኛውም ላይብረሪ አያድናችሁም።

የድምፅ መዘግየት እጅን ያሳስታል። በ44.1 ኪሎኸርትዝ 128 የሆነ በፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያከማችበት ቋት) 2.9 ሚሊሰከንድ፣ 512 የሆነው 11.6 ነው፤ የሳውንድ ካርዱ የራሱ መዘግየት ይጨመርበታል። ስትጫወቱ 128 ወይም 256፣ ሚክስ ስታደርጉ 512 እና ከዚያ በላይ። ዝቅ ስታደርጉት ቢንጫጫና ላይብረሪው የሳምፕል ከሆነ መጀመሪያ ዲስኩን ጠርጥሩ፤ በዩኤስቢ የተሰካ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ፔዳል ሲረገጥ አይደርስም። ላይብረሪውን ወደ ኤስኤስዲ አዛውሩት።

ሞኖ

የአዳራሽና የቤተ እምነት ድምፅ ማጉያ ብዙ ጊዜ ሞኖ (ሁለቱ ቻናሎች በአንድ የተቀላቀሉበት) ነው፤ የስልክ ስፒከርም ከዚያ አይሻልም። ተራርቀው በተተከሉ ሁለት ማይኮች የተቀዳ ፒያኖ ወደ አንድ ሲጨፈለቅ አንዳንድ ኖታዎች ይሳሳሉ፣ አንዳንዶቹ ባዶ ቆርቆሮ ይሆናሉ። ሞኖ ቁልፉን ተጭናችሁ ክሮማቲክ ስኬል (ሁሉንም ቁልፍ በተራ) ከታች እስከ ላይ ተጫወቱ። ኖታ የሚጠፋ ከሆነ የስቴሪዮውን ስፋት ከማጥበብ ይልቅ አንዱን ቻናል ብቻ ተጠቀሙ፤ ማጥበብ ችግሩን አይፈታውም። ሳላማንደር ላይ ይህ በደንብ ይሠራል። ፒያኖቴክ ላይ ሞኖ አወጣጡን ምረጡ።

ከባንድ ጋር ከ80 ኸርትዝ በታች ያለውን ለቤዝ ልቀቁለት፤ ከ250 እስከ 400 መካከል 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሱ። የክፍል ማይክ ካበራችሁ ሪቨርብ አትጨምሩ፤ ሁለት ክፍል በአንዴ ውስጥ ያለ ፒያኖ የለም። ደረቅ ላይብረሪ ከሆነ 1.5 ሰከንድ ያህል ሪቨርብ፣ ከ20 ሚሊሰከንድ መነሻ መዘግየት ጋር ይበቃል።

ሥራውን ለሚክስ ወደ ሌላ ስቱዲዮ ስትልኩ ፒያኖውን በ24 ቢት ዌቭ አውጡት፤ ሪቨርብ ያለበትንና የሌለበትን ለየብቻ። ሚዲውንም ፔዳሉ እንዳለ አብራችሁ ላኩ፤ ተቀባዩ ዘንድ የተሻለ ላይብረሪ ካለ በዚያው አጨዋወት መተካት ይችላል። በዚያኛው በኩል ኪቦርዱ ስለሌለ የቬሎሲቲ ከርቩ የሚዲው ቁጥር ላይ ታትሞ መሄድ አለበት፤ ላይብረሪው ውስጥ ብቻ ያስተካከላችሁት ከርቭ አብሮ አይሄድም።